ክልሉ ትክክል አይደለም

«ኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የቀረጹን፤ በሰባ ዘጠኝ» አለች እማዋይሽ። ጎረቤቷ ሚሳኤል ከቴሌቪዥኑ ኋላ አጎንብሶ ገመድ ይሰካል። ራሷን ነቀነቀች። «ቆይ፣ ሰባ ዘጠኝ ነው ሰማንያ? ሊሊ ክርስትና የተነሣችው ጥቅምት ላይ ነው። ሲቀርጹን ገና ጥርስ አላወጣችም። እንግዲያው ሰባ ዘጠኝ ነው።» ደግሞ፣ «ወይ ሰማንያ» አለች፤ በገዛ ራሷ ተናዳ።

ሚሳኤል ገመዱን መሰካቱን ቀጠለ። ይህን ቀን ስታነሣና ስትጥል የሰማው ዛሬ ብቻ አይደለም። ሀና ማርያም ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ተካፍለው መኖር ከጀመሩ ዘመን አልፏል፤ እሱ የጂኦግራፊ መምህር፣ እሷ በረንዳዋ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ በአጥሩ ያልፍና ይሰማዋል። መኪናው ቆሞ እሷ ስትናገር ደግሞ የበለጠ ይሰማዋል።

እማዋይሽ ቁጡ ናት። ቁጣዋ ግን የራሱ አመል አለው። ትልቅ በደል ሲደርስባት ዝም ትላለች፤ ትንሽ በደል ሲደርስባት ሰፈር ታስነሣለች። ወጣትነቷን የጨረሰችበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ አንድ ቃል ሳትናገር መቀሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ባሏ ሲሞትም እንዲሁ፤ ለቅሶውን ለለቀስተኛው ትታ እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ከረመች። ግማሹ እንጨት ራስ የሌለው ክብሪት የሸጠላትን ባለሱቅ ግን እስከ ዛሬ አልማረችውም። ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ፣ «ራስ የሌለውን ለይተህ ውሰድ፣ ራስ ያለውን መልስልኝ» ብላ ደንበኛውን ሁሉ አስቆመችበት። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ይዛ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለው ሱቅ ድረስ በእግሯ ሄዳ አስቀይራለች። «የገዛሁት ዕቃ የገዛሁለትን ሥራ ይሥራ እንጂ» ነው የምትለው፤ ሌላ ክርክር የላትም።

ዛሬ ሚሳኤል ሳሎን ያመጣት ግን ያ ዝም ያለችው፣ ትልቁ ነገር ነው።

ያኔ፣ በሰባ ዘጠኝ ወይም በሰማንያ፣ ፈረንጆች ካሜራ ይዘው ወደ ፋብሪካው መጡ። ስለ ጥጥና ስለ ልብስ ፊልም ይሠራሉ ተባለ። ከሰፊዎቹ መሐል አንዷ ትናገር ሲባል ምርጫው እማዋይሽ ላይ ወደቀ፤ ልጅ እግር ነበረች፣ ፊቷም ፎቶ የሚወደው ዓይነት። አስተርጓሚው በቀኝ፣ የፋብሪካው ካድሬ በግራ ቆመው፣ ስለ ሥራሽ ንገሪን አሏት። ነገረቻቸው። መብራቱ ዓይኗን እየወጋት፣ ምን ምን እንዳለች ወዲያው ከአእምሮዋ ጠፋ።

ከእሷ ቀጥሎ ባለው መኪና ላይ የምትሠራው ዘነቡ ነበረች። ጓደኛዋ ብቻ ሳትሆን አበልጇም ናት፤ የልጇ የሊሊ የክርስትና እናት። ፊልሙ በተቀረጸ በሳምንቱ ዘነቡ ቢሮ ተጠራች። ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ጨርቅ የሕፃን ሸሚዝ ሰፍተሽ አውጥተሻል ተባለች። እውነት ነበር። ለሊሊ ክርስትና የሰፋችው፣ ባለ ክብ ኮሌታ ነጭ ሸሚዝ ነው። የሕዝብ ንብረት ሰርቃለች ተብላ ከሥራ ተባረረች። ማን ነገረባት? ዘነቡ ለመጠርጠር ጊዜ አላባከነችም። የተናገረችው እማዋይሽ ናት፤ አጠገቧ ቆሞ የሰማው ካድሬው ነው።

እማዋይሽ ስሟን እንዳልጠራች በሀና ማርያም ደጅ ማለች። ዘነቡ አላመነቻትም። ሽማግሌ ሲላክባት አንድ መልስ ብቻ ሰጠች። «ያንን ፊልም አምጥታ ታሳየኝ። ስሜ ከሌለበት እግሯ ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ። ስሜ ካለበት ግን በደጄ እንዳታልፍ።» ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ታክሲ ተሳፍረው አያውቁም። ዘነቡ አሁን ለቡ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ለቡ ቅርብ ነው፤ እማዋይሽ ግን ዩኒፎርም ለማስረከብ እንኳ በዚያ በኩል አትሄድም።

ዘንድሮ ሊሊ ልታገባ ነው። ዘግይቶ የመጣ ትዳር ነው፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ለእናቷ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የክርስትና እናቴ ትገኝልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የፊልሙን ዲስክ ያገኘችው የሚሳኤል ልጅ ናዝሬት ናት። ናዝሬት የበረራ አስተናጋጅ ናት። እማዋይሽ ለዓመታት ያገኘችውን የሲዲ አዟሪ ሁሉ ጠይቃ፣ «ማዘር፣ የጥጥ ፊልም ማን ያያል?» እየተባለች የተሳቀባትን ፊልም ናዝሬት በስልኳ ፈልጋ አሜሪካ በዲስክ እንደሚሸጥ ደረሰችበት፤ ለሥራ ስትሄድም ገዝታ አመጣችው። በላስቲክ የታሸገ፣ ከነሽፋኑ፣ ኦሪጅናል። ሽፋኑ ላይ የስፌት መኪናዎች በረድፍ ይታያሉ፤ ከወደ ኋላ ሻሽ ያሰረች ልጅ ብዥ ብላ ትታያለች። እማዋይሽ ጣቷን አሳረፈችባት። «እኔ ነኝ» አለች። «ወይ ዘነቡ ናት።»

ሚሳኤል ገመዱን ሰክቶ ጨረሰ። የዲቪዲ ዴኩ ስም ያለው ዕቃ ነው፤ ከዱባይ የመጣ፣ እንዳይቧጨር ጨርቅ የሚለብስ። ዲስኩን ዋጠ፣ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን ላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ወጣ።

«ምን ይላል?» አለች እማዋይሽ።

ሚሳኤል ዲስኩን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አስገባው። ያው ጽሕፈት።

«ምን ይላል፣ መምህር?»

«አካባቢ» ወይም «ቀጠና» ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ መንገድ በያዘ ነበር። ግን ዕድሜውን ካርታ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። «ክልሉ ትክክል አይደለም ይላል።»

እማዋይሽ ከሶፋው ተነሣች። «የማን ክልል?»

«እንጃ… የኛ መሰለኝ።»

በዚህ ሰፈር «ክልል» ቀላል ቃል አይደለም። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በፉሪ በኩል ሲሰመር፣ እማዋይሽ የተወለደችበትና ዛሬ ወንድሟ ኢታና የሚኖርበት ግቢ ከአስፋልቱ ወዲያ ቀረ፤ የእሷ ቤት ወዲህ። አባቷ በአንድ ጥማድ በሬ ያርሱት የነበረው መሬት ነው ሁለት ቦታ የሆነው። መታወቂያዋን ልታሳድስ ስትሄድ ወዲህ ያሉት ወዲያ ሂጂ፣ ወዲያ ያሉት ወዲህ ተመለሺ ብለዋት ነበር። ያንን ዝም ብላ ችላዋለች። ዲስኩን ግን አልቻለችውም።

«ሰው ሲጠይቀኝ ከረመ። አሁን ደግሞ ዕቃ ይጠይቀኝ ጀመር?» አለች። «ፋብሪካው እዚህ። ጥጡ የዚህ አገር። ፊቱ የኔ። የት ሄጄ ልየው ነው የሚለኝ?»

«እትዬ፣ ይሄ ያ ክልል አይደለም። የኩባንያዎቹ ነገር ነው።»

«አንተ ነህ ክልል ያልከው፤ እኔ አላልኩም።»

በማግስቱ ዴኩን ሚሳኤል፣ ዲስኩን እማዋይሽ ይዘው ሀይሌ ጋርመንት ወረዱ። ዴኩን የሸጠለት ልጅ ከስልክ ሽፋኖቹ ጀርባ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ የጾም በያይነቱ። የዲስኩን ሽፋን አገላብጦ አየና ገና ሳይሞክረው ሳቀ።

«ፋዘር፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ዲስኩ ነው። ፈረንጆቹ ዓለምን ቁጥር ሰጥተው ተካፍለዋታል። ይሄ ዲስክ አንድ ቁጥር ነው፣ የአሜሪካ። ዴኩ ሁለት ቁጥር ነው፣ የዱባይ። አይነጋገሩም።»

«እኛስ ስንት ነን?» አለች እማዋይሽ።

«አምስት።»

«ለምን አምስት ሆንን?»

«ማዘር፣ ማን ጠየቀን?»

«እሺ፣ አምስት ቁጥሩን ስጠኝ።»

«አምስት ቁጥር የሚባል ዲስክ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ለኛ አያመጡም። ቁጥር ብቻ ነው የሰጡን።»

እማዋይሽ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። ሚሳኤል ይህን አቋቋም ከክብሪቱ ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ወደ በሩ ግማሽ እርምጃ አፈገፈገ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ በረንዳ ላይ የሚሸጡት ሲዲዎች፣ በላስቲክ የተጠቀለሉት፣ እነሱ ይሠራሉ?»

«ኮፒዎቹ? እነሱማ በየትም ይሠራሉ።»

«ስንት ቁጥር ናቸው?»

«ኮፒ ቁጥር የለውም፣ ማዘር። ሲገለብጡት ይጠፋል።»

«ስለዚህ የተሰረቀው ይሠራል፣ በደንቡ የተገዛው አይሠራም።»

ልጁ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። «እንደሱ… አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«አንድ ሴት ቁርጥራጭ ጨርቅ ወስደሻል ተብላ ተባረረች» አለች እማዋይሽ፣ ለልጁ ይሁን ለሚሳኤል ሳይለይ። «መሬት ላይ የወደቀ፣ ተጠርጎ የሚጣል። ሌባ ተባለች። እነዚህ ፊቴን ወሰዱ፣ ቸበቸቡት፣ እኔ እንዳላየው ደግሞ ቆለፉት። እነሱ ምን ተባሉ?»

«ኩባንያ» አለ ልጁ።

ቀልድ መሆኑ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ዴኩን መልሰህ ውሰድ አለችው እማዋይሽ። ልጁ ዕቃው አልተበላሸም አለ። የማይሠራ ዕቃ የተበላሸ ነው አለች። የሚሠራውንማ ይሠራል አለ። ክርክሩ ወጪ ወራጁን ሁሉ ስላቆመ፣ በመጨረሻ ሚሳኤል ፊቱ ቀልቶ ዴኩን አቅፎ ወጣ። ገንዘቡን ሳይሆን ትዕግሥቱን የጨረሰው፣ ቤት ውስጥ ጨርቅ ሲያለብሰው የኖረው ዕቃ በሰው አገር ሕግ የሚታዘዝ ሆኖ መገኘቱ ነው። መንገድ ላይ እሱም መናደድ ጀመረ። «አምስት» አለ ለራሱ። በካርታ ላይ ያላስተማረው ቁጥር ነው።

ታክሲ ሲጠብቁ እማዋይሽ ለወንድሟ ደወለች። ሚሳኤል የኢታናን ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ሰማው።

«እና ክልሉ አይደለም ካለሽ» ይላል ኢታና፣ «ትክክለኛው ክልል እዚህ ቢሆንስ? አስፋልቱን ተሻገሪና አምጪው እንሞክረው።»

«እመጣለሁ» አለችና ዘጋችው።

«እትዬ፣ እየቀለደ እኮ ነው።»

«ይቅለድ። መታወቂያውም ላይ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።»

ሚሳኤል በዚህ ምድር ላይ አንድ ዲስክ በሀና ማርያም እምቢ ብሎ በፉሪ እሺ የሚልበት ምክንያት እንደሌለ እያስረዳት ታክሲ ገቡ፤ እያስረዳት ወረዱ። አስፋልቱን ሲሻገሩ፣ «እንግዲህ ገባን» አለችው፤ ማስረዳቱን ተወ።

የኢታና ግቢ ግማሹ ገና የጭድ ክምርና የላሞች በረት ነው፤ ግማሹ አዲስ የሚከራይ የብሎኬት ቤት። ኢታና ስልሳ የሚጠጋው፣ ረጅም፣ ቀልዱን ሲናገር ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። «አካም፣ ቲቸር» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለው፤ ዴኩን አቅፎ ሲያየው ደግሞ፣ «ይሄንን ለምን ተሸከምከው? ቪዛ የለውም አሉ።»

ኢታና ሳሎን የሪሲቨሩ ሳጥን የተቀመጠበት አንድ አሮጌ ዴክ አለ። ስም የለውም፤ ስም የነበረበት ቦታ ላይ የማጣበቂያ ምልክት ብቻ ቀርቷል። የዘመድ ሠርግ ሲታይበት የኖረ ነው። ኢታና አቧራውን እፍ ብሎ ዲስኩን አስገባው፣ ክዳኑን በጡጫ መታ አደረገው። ሚሳኤል ሰማያዊውን ስክሪን ጠበቀ።

ሙዚቃ ጀመረ። የጥጥ ማሳ ታየ።

«ታዲያ!» አለ ኢታና። «ክልሉ ይሄ ነበር። ቲቸር፣ ይሄንን በክፍል አስተምር።»

ሚሳኤል ስለ ርካሽ ዴኮች፣ ቁጥሩን ስለማያነቡ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። የእማዋይሽን ፊት አየና ተወው። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ቁጭ አላለችም። ነጠላዋን በአንድ እጇ ጨብጣ ቆማለች።

ማሳው አልፎ የጥጥ መዳመጫው መጣ፤ መዳመጫው አልፎ ክሩ። ከዚያ ፋብሪካው። ረጅሙ አዳራሽ፣ የመብራቱ ዘንጎች፣ የመኪናዎቹ ረድፍ። ኢታና ቀልዱን አቆመ። እህቱ ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ጉንጯ የሞላ፣ መብራቱን ለመሸሽ ዓይኗን ጠበብ ያደረገች። አጠገቧ ያለው የዘነቡ መኪና ባዶ ነው፤ ለካሜራው ሲባል ሰፊዋን አስነሥተዋታል። በስክሪኑ ግራ ጫፍ የአንድ ሰው ካኪ እጅጌ ይታያል።

ልጅቷ ተናገረች። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፤ ግን የእማዋይሽ መሆኑን ማንም አይስተውም። «እጄን የፈታሁት እዚህ ነው» አለች። ፈገግ አለች። «አበልጄ ዘነቡ…»

ከዚያ የአንድ ፈረንጅ ወፍራም ድምፅ መጣና በላይዋ ላይ ተኛበት። የልጅቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ሰውየው ነው።

«ማነው ይሄ በላዬ ላይ የሚያወራው?» አለች እማዋይሽ።

ሚሳኤል አዳመጠ። «ስንት ኩንታል ጥጥ ወደ ውጭ እንደሚላክ ይናገራል።»

«እኔ ያልኩትንስ?»

«እሱን አይናገርም። አልተረጎመውም።»

«መልሰው» አለች ለኢታና።

መለሰው። እጄን የፈታሁት እዚህ ነው። ፈገግታ። አበልጄ ዘነቡ። ኩንታል። ሚሳኤል በዚህኛው ጊዜ ድምፁን ትቶ እጇን አየ። ልጅቷ እየተናገረች ሁለት መዳፎቿን ፊት ለፊት አድርጋ አንድ ትንሽ ነገር ለካች፤ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ። ከዚያ በጠቋሚ ጣቷ አንገቷ ሥር ክብ ሠራች፤ እንደ ኮሌታ። ኩራት ነበረባት፤ ጓደኛዋን የምታመሰግን ሰው ኩራት። በግራ በኩል ያለው ካኪ እጅጌ ወደ እሷ ትንሽ ዘንበል አለ።

ኢታናም አየው። «እህቴ» አለ በቀስታ፣ «ሸሚዙን ነው እንዴ የምታሳዪው?»

«መልሰው» አለች። መለሰው። ደግሞ «መልሰው» አለች።

ሚሳኤል ቁጣዋን ጠበቀ። ሰውየውን ትረግማለች፣ ቁጥሩን ትረግማለች፣ ሪሞቱን ከወንድሟ እጅ ትነጥቃለች ብሎ ጠበቀ። ቁጣው በፊቷ ላይ ነበር፤ የት እንደሚሄድ ግን ያጣ ይመስል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ልጅ፣ ያቺን ሻሽ ያሰረች፣ አመስጋኝ ልጅ፣ ክብሪቱን የሸጠላትን ሰው በምታይበት ዓይን ታያታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ለልጅቷ ነው። «ዝም አትዪም ነበር?» አለቻት።

ከዚያ ወደ ዴኩ ሄዳ ራሷ ቁልፉን ተጫነች። ዴኩ ዲስኩን እንደ ምላስ አወጣው። ወደ ሽፋኑ መለሰችው፣ ሽፋኑን በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ መቀሷን ይዛ ከፋብሪካው የወጣች ቀን እንዳደረገችው።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለ ኢታና። «ጠላ ይምጣ። ነገሩ ያለፈ ነው፤ ዘነቡም ሸምግላለች። ፊልሙ አልተገኘም ብትያትስ? ማን ያውቃል? እኛው ነን።»

«አንተ ዴክህን አቧራ አታስበላው» አለችውና ወጣች።

ሚሳኤል የራሱን ዴክ ከመሬት አነሣ፣ ተከተላት። እማዋይሽ ስትናደድ ትፈጥናለች፤ እሱ ደግሞ ዕቃ ታቅፏል። የጭዱን ክምር ዞሮ በሩ ላይ ሲደርስ እሷ አስፋልቱ ጋ ነበረች። በግራ በኩል ወደ ሀና ማርያም የሚመልሰው ታክሲ ቆሞ ይሞላል፤ ገና ሦስት ሰው ነው የያዘው። እሷ አላየችውም። ወደ ቀኝ ዞረች፤ ረዳቱ «ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው» እያለ ወደሚጣራበት ሚኒባስ።

ስሜ ካለበት በደጄ እንዳታልፍ ተብላ ነበር። የዘነቡ ስም አለበት። ሚሳኤል ይህን እያሰበ አስፋልቱ ዳር ደረሰ፤ ዴኩ ከብብቱ እየተንሸራተተ፣ ገመዱ ከኋላው መሬት እየጠረገ። ሊጠይቃት የፈለገው ስለ ዘነቡ አልነበረም። በሀና ማርያም ደጅ ስትምል፣ ሽማግሌ ስትልክ፣ ቀኑን ሰባ ዘጠኝ ነው ሰማንያ እያለች ስታነሣና ስትጥል፣ ያንን ክብ ኮሌታ በጣቷ እንደሠራች ታውቅ ነበር ወይ? እውነት ከአእምሮዋ ጠፍቶ ነው፣ ወይስ ዝም ካለቻቸው ትላልቅ ነገሮች አንዱ ነው?

«እትዬ እማዋይሽ» አለ።

ዘወር አለች። ፊቷ አሁንም ተቆጥቷል። «ዴኩን አስቀይረው» አለችው። «እሺ እንዳትለው ያንን ልጅ።» የመጨረሻዋን ቦታ ያዘች፤ የነጠላዋን ጥቅል ጭኗ ላይ አደረገች። ሚሳኤል አፉን ሲከፍት ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋውና ጣሪያውን መታ።